እንግዳን መለየት፣ ዘበኛን መመርመር

ሰው ሁሉ ማታ ወደ መኝታው ከመሄዱ በፊት በሩ መቆለፉን ይመለከታል። በኢንተርኔት በኩል ወደ ቤቱ የሚገባውን እንግዳ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ኩኪ ስለሚባለው ነገርና ስለ ጥበቃው ባጭሩ እናስረዳለን።

ኩኪ ማለት አንድ ድረ ገጽ በማሰሻችን፣ ማለት በብራውዘራችን፣ ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር የጽሑፍ ምልክት ነው። ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ያዘጋጀው የኔትስኬፕ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ዓላማው መልካም ነበር፤ ይኸውም ድረ ገጹ ደንበኛውን እንዲያስታውስና የመረጠውን ዕቃ እንዲያቆይለት ነው። ዛሬም የኢሜል ሣጥናችንን ከከፈትን በኋላ በየገጹ የይለፍ ቃል የማንጠየቀው በኩኪ ምክንያት ነው። እንግዲህ ኩኪ ሁሉ ጠላት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከሦስተኛ ወገን ነው። አንድ ጋዜጣ በኢንተርኔት ስናነብ፣ በገጹ ላይ ማስታወቂያ ያወጣው ሌላ ኩባንያ የራሱን ኩኪ ሊያኖር ይችላል። ያው ኩባንያ በሌሎች ብዙ ገጾች ላይም ስለሚገኝ በአንዱ ስለ ጫማ፣ በሌላው ስለ ብድር፣ በሦስተኛው ስለ ሕመም ያነበብነውን አገናኝቶ ይመዘግባል። አንዲት እናት ስለ አንድ በሽታ በምስጢር ብታነብ፣ ማታ ልጆቿ ያንኑ ኮምፒዩተር ሲከፍቱ የመድኃኒቱ ማስታወቂያ ሊወጣባቸው ይችላል። ለባልዋ እንኳ ገና ያልነገረችውን ነገር መሣሪያው ቀድሞ ይናገርባታል።

መከላከያው አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛ፣ በማሰሻው ማስተካከያ ገብቶ የሦስተኛ ወገን ኩኪ እንዲታገድ ማዘዝ ነው። ፋየርፎክስ ከ2019 ጀምሮ የታወቁትን ዱካ ተከታዮች፣ ሳፋሪም ከ2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪን በራሳቸው ያግዳሉ። ጉግል ግን እንዲህ ያለውን ኩኪ ከክሮም ለማስወገድ በ2020 ያስታወቀውን አሳብ በ2024 ስለ ተወው፣ የክሮም ተጠቃሚ ይህን በገዛ እጁ ማድረግ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ኤክስቴንሽን የሚባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም በማሰሻው ላይ መጨመር ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው ፕራይቬሲ ባጀርና በፋየርፎክስ የሚሠራው ዩብሎክ ኦሪጅን ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ሦስተኛ፣ በአንድ ኮምፒዩተር የሚጠቀም ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ ይክፈትለት።

ነገር ግን ዘበኛው ራሱ መመርመር አለበት። ኤክስቴንሽን ሥራውን ለመሥራት የምንከፍተውን ገጽ ሁሉ እንዲያይ ስለሚፈቀድለት፣ ታማኝ ካልሆነ ሥጋን ለጅብ አደራ እንደ መስጠት ይሆናል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 አቫስት የተባለውን ኩባንያ የከሰሰው በዚህ ነገር ነበር። ኩባንያው ከዱካ ተከታዮች እጠብቃችኋለሁ እያለ በኤክስቴንሽኖቹና በፕሮግራሞቹ የሰበሰበውን የደንበኞቹን የንባብ ታሪክ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ሸጧል ተብሎ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ስለዚህ ከሁለት ያልበለጡ ኤክስቴንሽኖችን መርጦ መያዝና አሠሪያቸውን ማወቅ፣ የማንጠቀምበትንም ማስወገድ ይሻላል።

ዘበኛው ሁሉን እንደማይችልም እንወቅ። ስማችንን ሰጥተን በገባንበት ድረ ገጽ የምናደርገውን ባለቤቱ ያየዋል፤ ያለ ኩኪ መሣሪያችንን በሌላ ምልክት የሚለዩም አሉ።

ይህ ምክር ለመንግሥት ሠራተኛ እጥፍ ነው፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሕዝቡንም መዝገብ ይይዛልና። በኢትዮጵያ የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ በአግባብ እንዲያዝ ያዝዛል። ምስጢርን መጠበቅ ክፋትን መሸሸግ አይደለም፤ የቤተሰብን ክብር ማስከበር ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ በሩን ከቆለፉ በኋላ የማሰሻዎንም ማስተካከያ ከፍተው ይመልከቱ።