ጡረተኛም ይጠይቅ እንጂ

ጡረታ ለወጣ ሰው ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ እንደ «አርፈህ ተቀመጥ» የሚያናድደኝ የለም። ከፍቅር እንደሚመነጭ አውቃለሁ። ልጅ ይለዋል፣ ዘመድ ይለዋል፣ የሰፈር ሰው ይለዋል። እኛ ዘንድ አረጋዊ ማለት ጋቢውን ደርቦ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የሚጠየቅ፣ ቡና የሚፈላለት፣ ጉልበቱ የሚሳም ሰው ነው። ሄዶ መጠየቅ የወጣት ድርሻ ነው ተብሎ ከተደመደመ ቆይቷል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ወጣቱ ሥራ ላይ ነው፤ ጊዜ ያለው ጡረተኛው ነው። ስለዚህ ተነሥቶ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው።

የምንኖረው ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ነው። እኔ አውቶቡስ ስነዳ፣ ባለቤቴ በአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ ኖረን ሁለታችንም ጡረታ ወጣን። እዚህ አገር የመንግሥት የዕድሜ ጡረታ የሚታሰበው ከ67 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ፣ አገር ቤት በ60 ዓመታቸው ከወጡት ጓደኞቻችን ዘግይተን ነው የደረስነው። ከዚያ ያገለገለ ካራቫን ገዛን። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ወሬውን ስትሰማ በስልክ፣ «ኧረ በእመቤቴ! ቤት እየጎተታችሁ ነው የምትዞሩት? ምን ጎድሎባችሁ ነው?» አለችኝ።

«ምንም አልጎደለብንም እትዬ፤ ሰው ልንጠይቅ ነው» አልኳት።

ካራቫን እየጎተተ አገር ለአገር የሚዞር ጡረተኛ እዚህ የተለመደ ነው። አብዛኛው መንገድ የሚጀምረው በሰኔና በሐምሌ፣ የደቡቡ ብርድ ሲበረታ ነው። ሙቀት ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ካርናርቮንና ወደ ብሩም ይሄዳል። እኛ ግን የምንወጣው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብልኅ የሆነ ሰው ካራቫኑን ግቢው ውስጥ በሚያቆምበት የነፋስ ወቅት ነው። ምክንያቱም ወዳጆቻችን ሎብስተር አጥማጆች ናቸው። በእነዚህ ወራት ቅርፊቱን ጥሎ የነጣው ወጣት ሎብስተር ከዳርቻው ድንጋይ እየለቀቀ ወደ ጥልቁ ባሕር ይጎርፋል፤ ያኔ ጀልባውን አቁሞ ፐርዝ ድረስ ቡና ሊጠጣ የሚመጣ አጥማጅ የለም። እነሱ መምጣት ካልቻሉ እኛ እንሄዳለን።

የዚህ ዳርቻ ነፋስ ሰዓት አክባሪ ነው። በበጋ ጠዋት ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ከቀትር በኋላ ምድሩ ሲግል ፊቱን ያዞርና ከደቡብ ምዕራብ፣ ከባሕሩ ይመጣል። ፐርዝና ፍሪማንትል ላይ ከሙቀት ስለሚገላግል «የፍሪማንትል ዶክተር» ይሉታል። ወደ ሰሜን ላንስሊን ከተማን አልፎ ጄራልተን ሲደርስ ግን ሐኪምነቱን ትቶ ጎረምሳ ይሆናል። በሸራ ባሕር ላይ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ከሩቅ አገር የሚመጡት ለእሱ ብለው ነው። ካራቫን ለሚጎትት ሽማግሌ ግን ሌላ ነገር ነው። መንገድ የምንጀምረው በማለዳ ነው። ከባዱን ዕቃ፣ የውኃ ጀሪካኑንና የጤፍ ዱቄቱን፣ ከጎማዎቹ በላይ ዝቅ አድርገን እንጭናለን፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ካራቫኑ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውን ይዞ ይሄዳልና። ሁለት ተሳቢ ያስከተለ ከባድ መኪና ከፊት ሲመጣ መጀመሪያ አየሩ ይገፋል፣ ቀጥሎ ይስባል። ያን ጊዜ መሪውን ሳያጠብቁ መያዝና ፍሬን አለመንካት ነው። ባለቤቴ በበኩሏ ውዳሴ ማርያሟን ትጀምራለች።

ጄራልተን ከመድረሳችን በፊት ግሬነፍ የሚባል ሜዳ አለ። እዚያ ያሉት ዛፎች ግንዳቸው ተጎንብሶ፣ ቅርንጫፋቸው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ሁሉም ወደ ሰሜን ተኝተዋል። ዝርያቸው አገር ቤት ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው፤ ለማገርና ለአጥር የምንቆርጠው፣ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ያው ዛፍ። ከደቡብ የሚመጣው ጨው ያዘለ ነፋስ በአንድ ወገን ያለውን እንቡጥ እያቃጠለ ስለሚገድለው፣ ዛፉ ማደግ የሚችለው በሌላው ወገን ብቻ ነው። ባለቤቴ ከመኪና ወርዳ ዙሪያውን አየችና፣ «አየህ፣ ባሕር ዛፍም አርፎ ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል» አለችኝ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግማሹ የእሷ ነው።

የመጀመሪያው ወዳጃችን የሚኖረው ከፐርዝ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጁሪየን ቤይ ነው። ቤተሰቦቹ ካፖ ዶርላንዶ ከምትባል የሲሲሊ ከተማ የመጡ ጣሊያናዊ ነው። ከእኔ ጋር አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ አባቱ ሲደክሙ ሥራውን ትቶ ወደ ቤተሰቡ ጀልባ ተመለሰ። ጎህ ሳይቀድ ይወጣና ነፋሱ ከመዞሩ በፊት ለመግባት ይጣደፋል። እኛ ወደቡ ላይ እንጠብቀዋለን። ባሕሩ ላይ ሳለ ለእያንዳንዱ ሎብስተር የሚወስደው ጊዜ ከዐይን ጥቅሻ አይበልጥም፦ ያነሣዋል፣ የብረት መለኪያውን ጀርባው ላይ ያሳርፋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይወስናል። የጀርባው ቅርፊት 76 ሚሊ ሜትር ካልሞላ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ሆዷ ሥር እንቁላል የተሸከመች እንስትም፣ የቱንም ያህል ብታክል፣ ትመለሳለች። የዚህ ባሕር ሎብስተር እንደ ሸርጣን የሚቆነጥጥበት መቆንጠጫ የለውም፤ ያለው ረጅም እሾሃማ ቀንድ ነው፤ እሱም ቢሆን ጓንት ሳያደርግ ለነካው ትምህርት ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የእኛ ነው። ነፋሱ ባሕሩን ስለዘጋው ማንም የትም አይሄድም። እኔ የተሰበረ የወጥመድ ጣውላ እቀይራለሁ፣ ገመድ እጠቀልላለሁ። ባለቤቴ ካራቫኑ ውስጥ ሽሮዋን ትሠራለች። ወዳጃችን ከሎብስተሩ ትልቁን መርጦ ያመጣል፤ እኛ ደግሞ አንበላም። ክንፍና እንደ ዓሣ ያለ ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አለመብላት አብሮን ያደገ ነው፤ በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ዓሣስ በዚህ ጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ራሱ በእኔና በባለቤቴ መካከል ገና አላለቀም። ጣሊያኑ መጀመሪያ ላይ ሊገባው አልቻለም። «ይህ በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ?» ይል ነበር። አሁን ተላምዶናል፤ የእሱን ሎብስተር ለሌላ ሰጥቶ የእኛን ሽሮ ይበላል። ለምግቡ ብለን እንደማንመጣ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም።

ጄራልተን ያሉት ባልና ሚስት በዕድሜ ይበልጡናል። ባልየው ማጥመዱን ትተዋል፤ ጀልባውን የያዘው ልጃቸው ነው። ሎብስተር በአብዛኛው የነፋስ ልጅ እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ እንደ ወረቀት የሳሳው እጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወሰዳል፤ ከዳርቻው እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ርቆ ከ9 እስከ 11 ወር ያህል ሲንሳፈፍ ይቆያል። የምዕራቡ ነፋስና የውኃው ሞገድ መልሰው ካላመጡት ይቀራል። የመንግሥት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዳርቻው ውኃ ውስጥ ሰው ሠራሽ የባሕር ሣር እያኖሩ የተመለሰውን ይቆጥራሉ፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የሚያዘው ምን ያህል እንደሚሆን ከዚያ ቁጥር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ቁጥሩ ክፉኛ ወረደ። መንግሥት ወዲያው ማጥመዱን ቀነሰ፤ በ2010 ደግሞ ለእያንዳንዱ አጥማጅ ኮታ ተደለደለ፤ ጠቅላላው 5,500 ቶን ነበር። ሽማግሌው ያኔ እንደተናደዱ አይደብቁም። ዛሬ ግን ልጃቸው ባሕር ላይ ያለው በዚያ ውሳኔ ምክንያት እንደሆነ ይናገራሉ። ይህ የዓሣ ሀብት በዘላቂ አያያዙ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዓለም የመጀመሪያውን የማሪን ስቱዋርድሺፕ ካውንስል ምስክር ወረቀት ያገኘ ነው።

ከነፋሱ የከፋም መጥቶባቸው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቻይና የአውስትራሊያን ሎብስተር መግዛት አቆመች። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ምርት ወደዚያ ይሄድ ስለነበር፣ ገበያው በአንድ ጀምበር ተዘጋ ማለት ይቻላል። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ አልተከፈተም። በዚያ ጊዜ ያልኩት ነገር ቢኖር በጣም ጥቂት ነው፤ ስለ ቻይና ገበያ የሚያጽናና ቃል የሚያውቅ ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ የለም። ሄደን አብረናቸው ተቀመጥን፤ ሚስትየው ለባለቤቴ በኋላ የነገሯት ግን፣ በዚያ ዓመት ስልክ የደወለ ብዙ እንደነበር፣ በር ያንኳኳው ግን ጥቂት እንደሆነ ነው።

ከጄራልተን በስተሰሜን ካልባሪ አለች። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ኤፕሪል 11 ቀን 2021፣ ሴሮጃ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን መትቶ ከሕንፃዎቿ አብዛኛውን ጎዳ። እነዚያ ቤቶች እንዲህ ዓይነቱ ማዕበል እስከዚያ ድረስ ይመጣል ተብሎ የተሠሩ አልነበሩም። እዚያ ያሉት ወዳጆቻችን ጣራቸውን አጡ። ጥገናው ደግሞ አናጺ ስለጠፋ እጅግ ዘገየ። ካራቫናችንን ወስደን ግቢያቸው ውስጥ አቆምነውና ቁልፉን ሰጥተናቸው በባዶ መኪና ተመለስን። እህቴ ስለዚህ ስትሰማ ስለ ቤት መጎተት የተናገረችውን አልደገመችም።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ናፍጣ ርካሽ አይደለም፤ ካራቫን የሚያቆሙበት ቦታ ይከፈልበታል፤ መድኃኒት አስቀድሞ ለወሩ መያዝ አለበት፤ ሆስፒታል ሩቅ ነው፤ የመጸዳጃውን ታንክ መድፋትም በዚህ ዕድሜ የሚያስደስት ሥራ አይደለም። ጉልበትና ጤና የሌለው ሰው ይህን አያደርግም። ካራቫን ግዙ የሚል ምክርም የለኝም። ካራቫኑ መጓጓዣ ነው፤ ለሌላው ሰው መጓጓዣው ታክሲ ሊሆን ይችላል፣ እግርም ሊሆን ይችላል።

ባለቤቴ በመጦሪያው ሥራዋ ብዙ አረጋውያን አይታለች። እንደ እሷ አባባል፣ ቅዳሜና እሑድ ጠያቂ የሚበዛላቸው ሀብታም የነበሩት ወይም ብዙ ልጅ የወለዱት አልነበሩም። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ሰው ሲጠይቁ የኖሩት ነበሩ። እንዲህ ያለው ወዳጅነት ከ60 ዓመት በኋላም ይሠራል፤ ተቀምጦ ግን አይሠራም።

ይህ ለእኛው ወገን የበለጠ ይመለከታል። ሜልበርን ውስጥ፣ የአውስትራሊያ ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት ከተማ፣ ልጆቻቸው ያስመጧቸው እናቶችና አባቶች አሉ። ቋንቋውን አይችሉም፤ መኪና አይነዱም፤ የልጅ ልጅ እየጠበቁ ውለው ያመሻሉ። ልጆቻቸው ይወዷቸዋል፣ ምንም አያጎድሉባቸውም፤ ከአገር ልጅ ጋር ለመጨዋወት ግን እሑድን፣ ቤተ ክርስቲያንን ይጠብቃሉ። አዲስ አበባም ቢሆን ጓደኞቻቸው በኮንዶሚኒየም ዕጣና በልማት ተነሺነት ከሰፈር ተበትነው፣ አንዱ ከሌላው በሁለት ታክሲ የራቀባቸው ጡረተኞች ሞልተዋል። እዚያ የሚሰማው «እንዴት ናችሁ» በስልክ ነው፤ ሳይተያዩ ቆይተው የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ነው።

ስለዚህ ለልጆች የምለው አለኝ። እናታችሁንና አባታችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ ብርቱካንና ሙዝ መያዙ ደግ ነው፤ እሱን አትተዉ። ከዚያ በተጨማሪ ግን «ማንን ማየት ትፈልጋላችሁ? ላድርሳችሁ» በሉ። የመኪና ቁልፍ ይዛችሁ ጠይቁ። ለእኩዮቼ ደግሞ፦ ጉልበታችሁ እያለ ከወንበራችሁ ተነሡ። ሥራ ላይ ያለው ወዳጃችሁ አልመጣልኝም ብላችሁ አትቀየሙ፤ እሱ ጊዜ የለውም፤ እናንተ አላችሁ።