ፊታውራሪ መሸሻን አናድሳቸው

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱት በዚሁ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ወርቅና ከዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል። ስለዚህ በዚህ አገር የሚኖር ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ መምህር፣ የቀኑን ሥራ ፈጽሞ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲቀመጥ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢከራከር የሚያስደንቅ አይደለም። እኛም በዚህ ነገር ስንከራከር ብዙ ዘመን ሆኖናል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ በአንባቢ እጅ፣ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በአድማጭ ጆሮ ኖረ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ በዓይን ታየ። ታሪኩ መልኩን በለወጠ ቁጥር የተዳፈነው የክርክር እሳት እንደገና ይቆሰቆሳል።

የክርክሩ ፍሬ ነገር የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር አይደለም። በእነርሱስ ሁላችንም አንድ ነን፤ ሁላችንም አዝነንላቸዋል። እኛን የሚለያየን የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ነገር ነው። እኒህ ያረጁ መኳንንት ጉልበታቸው ከድቷቸው ሳለ የጎልማሳነት ፉከራቸው ያልከዳቸው፣ ዘመኑ ሲያልፋቸው ማለፉን ያላዩ ሰው ናቸው። ደራሲው ይህን ሰው እንዲያ አድርጎ ማቅረቡ ተገቢ ነውን? ወይስ አባቶቻችንን በአደባባይ አዋርዷቸዋል? ጭቅጭቁ ይኸው ነው።

አንደኛው ወገን ደራሲው በአባቶች ላይ አሣቀብን ይላል። ይህች አገር በጦርና በጋሻ የቆየች ናት፤ ሽለላና ፉከራም የደም ቃል ኪዳን እንጂ የልጆች ጨዋታ አይደለም፤ ስለዚህ ሽማግሌ የሠራውን ሥራ እያነሣ ቢፎክር ሊከበር እንጂ ሊሣቅበት አይገባም ይላል። ከዚህም አልፎ ታሪኩን በመድረክ ወይም በድራማ የሚያቀርቡ ሰዎች ፊታውራሪን ትንሽ እንዲያድሷቸው፣ ንግግራቸውን በምክር እንዲያለዝቡላቸው፣ ከገበሬዎቹም ጋር በክብር እንዲያስታርቋቸው ይመኛል።

ሁለተኛው ወገን፣ አብዛኛው ወጣት ተማሪ የሆነው፣ ተቃራኒውን ይዟል። በእርሱ ዘንድ ፊታውራሪ መሸሻ የአንድ ሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የአረጋውያን ሁሉ የወል ስም ሆኗል። መጽሐፉ በአሮጌው ትውልድ ላይ ፈርዷል፤ ፍርዱም ጸንቷል፤ እንግዲህ ሥቆ ማለፍ እንጂ ምን ቀረ ይላል።

እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። የምንለየውም በመሐል ቆሞ ሁሉንም ለማስደሰት አይደለም፤ ሁለቱም መጽሐፉን በግማሽ ዓይን አንብበውታል ብለን ስለምናምን ነው።

የመጀመሪያውን ወገን ቅሬታ በንቀት አናልፈውም። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል የሚለው ተረት የተተረተው በከንቱ አይደለም፤ ዝንብ መሆን የማይፈልግ ሰው ቢቆጣ ቁጣው የጨዋ ቁጣ ነው። ነገር ግን ይህ ወገን ማን እንደ ጻፈው ዘንግቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ ጦርነትን በወሬ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ በልዑል ራስ እምሩ ጦር ውስጥ ዘምተዋል፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ለብዙ ዓመት ታስረዋል። እንግዲህ በፎካሪው ፊታውራሪ ያሣቁን ሰው ጦር ሜዳ ውለው፣ ባልንጀሮቻቸው ሲወድቁ አይተው፣ የምርኮን እንጀራ በልተው የተመለሱ አርበኛ ናቸው። ጀግንነትን የሚንቅ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እኛም አብረናችሁ በተቆጣን ነበር። ነገር ግን የጀግንነትን ዋጋ የከፈለ ሰው፣ ሳይከፍል የሚፎክረውን ወይም ከፍሎ ሲያበቃ ዕዳውን ከድኻ የሚሰበስበውን ለይቶ ቢያውቅ ምን ያስደንቃል?

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። በስፔን አገር ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1571 በሌፓንቶ የባሕር ጦርነት ቆስሎ ግራ እጁ ሰልሏል፤ በኋላም በአልጀርስ አምስት ዓመት በምርኮ ኖሯል። ዶን ኪሆቴ የተባለውን፣ ዕድሜው ወደ ኀምሳ የተጠጋውን የዱሮ ፈረሰኛ አስመስሎ አንባቢን ያሣቀው ይኸው ቁስለኛ ወታደር ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1605 ታትሞ ከተወደደ በኋላ አንድ ሌላ ሰው በሐሰት ስም ተሸሽጎ በ1614 የራሱን ሁለተኛ ክፍል አወጣ። ሰርቫንቴስ በ1615 እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል አሳተመ፤ በመጨረሻውም ሽማግሌው ወደ ልቡ ተመልሶ በአልጋው ላይ ሲሞት አሳየ። ሌላ ሰው እንደገና አስነሥቶ እንዳይጫወትበት ደራሲው ራሱ ቀበረው። ጀግናን ማደስ ለጀግናው ማዘን እንዳልሆነ ያን ጊዜም የታወቀ ነበር።

በዘመናችንም ስታር ዋርስ የተባለው ተከታታይ ፊልም ተመልካቾቹን እንዲሁ ከሁለት ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1977 በጀመረው በዚህ ታሪክ ሉክ ስካይዎከር የተባለው ወጣት በ1983ቱ ፊልም ድል አድርጎ ነበር። በ2017 በወጣው ፊልም ግን አርጅቶ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ከሰው ርቆ በደሴት ተሸሽጎ ተገኘ። ብዙዎች የልጅነት ጀግናችንን አዋረዱብን ብለው ተቆጡ፤ እርሱን ሆኖ የሚሠራው ማርክ ሃሚል እንኳ ባለመስማማት መናገሩ ታውቋል። ሌሎች ደግሞ ይህን ፊልም ከሁሉ አበለጡት። የተቆጡት ሰዎች የደሴቱን መናኝ ሲያዩ በፍጻሜው የተደረገውን ቸል አሉት፤ ሽማግሌው ወጣቶቹ እስኪያመልጡ ድረስ በጠላት ፊት ብቻውን ቆሞ፣ ተራውን ለእነርሱ ለቆ ያርፋል። ያረጀ ጀግና የሚመዘነው በክንዱ ብርታት ሳይሆን ለተከታዩ በሚለቀው ነገር መሆኑን ባሕር ማዶ ያሉትም አውቀውታል።

አሁን በዚህ ሚዛን ፊታውራሪ መሸሻን እንመዝናቸው። ደራሲው የሣቀው በሽበታቸው ነውን? አይደለም። ፊታውራሪ ልጃቸውን ሰብለን ለሚጠይቅ ሁሉ በዘር አልመጥን አሏቸው፤ ከእጃቸው እንዳትወጣ ይዘዋት የጋብቻዋ ዘመን አለፈ። ከገበሬው ከተለመደው በላይ ካልተቀበልሁ አሉ፤ ገበሬው እምቢ ቢል ሊቀጡት ዘመቱና በአበጀ በለው በሚመሩት ሰዎች እጅ ተማረኩ። የገዛ ዘመዳቸው ካሳ ዳምጤ ዘመን መለወጡን ደጋግሞ ቢነግራቸው እንደ አገሩ ሰው ሁሉ እብድ አድርገው ቆጠሩት። ልጃቸውን አልለቀቁም፤ ግብሩን አልለቀቁም፤ ጦሩንም አልለቀቁም። እንግዲህ ጥፋታቸው ማርጀታቸው አልነበረም፤ እያረጁም ምንም ነገር ከእጃቸው እንዲወጣ አለመፍቀዳቸው ነበረ። ይህን ጥፋት ከታሪኩ ፍቀንላቸው ሽማግሌውን እናክብር ብንል፣ ክብሩን የምናገኘው በሰብለና በገበሬው ኪሣራ ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው ወገን ስንመለስ ግን ሣቁን ከሌላ በኩል ማየት ይገባናል። ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰማ ሰው የፊታውራሪን ፉከራ እያዳመጠ ከሣቀ በኋላ በሆዱ አንዳች የሚያሳዝን ነገር ቀርቶ ያገኘዋል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም፤ ሣቁ ሰሙ ነው፣ ኀዘኑ ወርቁ ነው። ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ተማሪ ቅኔውን ሰማሁ ማለት አይገባውም።

ስለዚህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በኑሮ የደረሰብንን እንናገር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በ1970 ዓ.ም. በካራማራ የተዋጉ አንድ አዛውንት ስለ ጡረታቸው ጉዳይ ሊጠይቁ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጡ። እኛም በዚያ ነበርን። አዛውንቱ ጉዳያቸውን ከመናገራቸው አስቀድመው የዘመቱበትን ስፍራ፣ የአዛዣቸውን ስም፣ የቆሰሉበትን ቀን መዘርዘር ጀመሩ። እኛ ከጠረጴዛው ወዲህ የነበርነው ሰዓታችንን አየን። ከመካከላችን አንዱ በሹክሹክታ «ፊታውራሪ መሸሻ መጡልን» አለ፤ ሁላችንም ሣቅን። አዛውንቱ ሰምተው ነበር። ትረካውን በሬዲዮ ሲከታተሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ስሙን ዐወቁት። አልተቆጡም፤ አልመለሱልንምም። ወረቀታቸውን በሁለት አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱና ጉዳያቸውን ሳይነግሩን ወጡ። እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በማታው ክርክር እንደ ቀድሞው አፋችንን ሞልተን መናገር አቅቶናል። ነገሩን ስንመረምረው ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬው የማይገባቸውን ጠየቁ፤ እኒህ አዛውንት ግን የሚገባቸውን ሊጠይቁ መጡ። ፊታውራሪ በእጃቸው ያለውን የሰው ሐቅ አልለቅም አሉ፤ በዚያን ቀን ግን የሰው ሐቅ በእጁ የነበረው ማን ነበር? ጊዜ የለኝም ብሎ ሰዓቱን ያየው፣ ማዕርጉን ተመክቶ በሚለምነው ላይ የሣቀው ማን ነበር? በዚያ ክፍል ውስጥ በእርግጥ አንድ ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ፤ ነገር ግን የነበሩት ከጠረጴዛው ወዲያ ሳይሆን ወዲህ ነበር። ዕድሜያቸውም ገና ሠላሳዎቹን አልጨረሰም።

ፊታውራሪነት የሽበት በሽታ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው። በወንበር ላይ ገና በጎልማሳነቱ ያረጀ ብዙ ሰው አለ፤ በሰማንያ ዓመቱም ያላረጀ አለ። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደራሲው ራሳቸው ይበቃሉ። በአብዮቱ ዘመን የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ቢቀርብላቸው እንዳልተቀበሉት ይነገራል። ከዚያ በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልም እዣት»ን በ1980፣ የጦርነቱንና የምርኮውን ዘመን የሚያወሳውን «ትዝታ»ን በ1985 ዓ.ም. ለአንባቢ ሰጡ። በ1996 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ያዩትን የሚያስረክቡ እንጂ የያዙትን የሚቆልፉ ሽማግሌ አልሆኑም። እርሳቸውም እንደ አዛውንቱ ወታደር የዘመቱበትን ስፍራ፣ የአዛዣቸውን ስም፣ የተማረኩበትን ቀን ነገሩን፤ በመጽሐፍ ስለ ነገሩን ታሪክ ብለን ገዝተን አነበብነው። ወታደሩ ያንኑ በአፋቸው ቢነግሩን ፉከራ አልነው። ልዩነቱ ከእርሳቸው ነው ወይስ ከሰሚው?

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ታሪኩን ለመድረክም ሆነ ለድራማ የምታዘጋጁ ሆይ፣ ፊታውራሪ መሸሻን አታድሷቸው፤ ሽበታቸውን አትቀቡ፣ ፉከራቸውንም አታሳጥሩ። እንደ ተጻፉ ይቅረቡ፤ ሕዝቡ ይሣቅ፣ ከሣቁም በኋላ ዝም ይበል። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ፊታውራሪ ለምን ያሥቃሉ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን «ስላረጁ» ብሎ የጻፈውን ተማሪ ወደ መጽሐፉ መልሱት። እኛ በወንበር ላይ ያለን ሰዎች ደግሞ ባለጉዳይ ሽማግሌ ሲመጣ የዘመቻውን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንስማ፤ ምናልባት ከጉዳዩ ይልቅ እርሱን ሊያስረክበን መጥቶ ይሆናል።

እኒያ አዛውንት ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት፣ ወይም የሚያነብላቸው ቢያገኙ፣ ወረቀታቸውን ይዘው ይመለሱ ዘንድ በትሕትና እንለምናለን። የሣቅነውም ስማችንን ሳንሸሽግ ቆመን ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።