«ከቤት ሳትወጡ ሠርታችሁ ብሉ» ስለሚሉት ሥራ የማኅበራችን አስተያየት



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው የውሃ ቦኖን፣ የመንገድ ጠረጋንና የዕድር መዋጮን የሚመለከት ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ነገር ለመጻፍ ተገደናል። ይኸውም ባለፉት ወራት ከሰፈራችን ሦስት ቤተሰቦች «ከቤታችሁ ሳትወጡ በስልካችሁ ብቻ ሠርታችሁ ብሉ» በሚል ጥሪ ገንዘባቸውን ስላጡ ነው። ሦስት ያልነው ለማኅበሩ መጥተው የተናገሩትን ነው። አፍሮ ዝም ያለው ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከጊሼ ራቤልም፣ ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማም ዘመድ ጠይቀው የተመለሱ ጎረቤቶቻችን ይህንኑ ወሬ ይዘው መጥተዋል።

በመሠረቱ ከቤት ሆኖ ሠርቶ መብላት ለመንዝ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን የበጉን ፀጉር አጥበው፣ ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው፣ ሸማኔው ደግሞ ባናውንና በርኖሱን ሠርቶ ለገበያ ያወጡ ነበር። ዛሬም የሚያወጡ አሉ። ስለዚህ «የቤት ውስጥ ሥራ» ሲባል ደስ ይለናል እንጂ አንጠረጥርም። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ ክር ሊገዛ የመጣ ነጋዴ «እትዬ፣ መጀመሪያ እርስዎ 1,000 ብር ይክፈሉኝና ከዚያ ይፈትሉልኛል» ብሎ ያውቃል? ኧረ ማን ሰምቶት! ቢልስ በእንዝርቱ አይደል የሚያባርሩት! ገንዘብ ከሚያሠራው ወደሚሠራው ነው የሚሄደው። በስልክ የመጣው «ሥራ» ግን ይህን ገልብጦታል፤ ሠራተኛው ይከፍላል፣ አሠሪ ነኝ ያለው ይቀበላል።

ከሦስቱ ቤተሰቦች የአንዱን ታሪክ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ስም ሳንጠራ እናጫውታችሁ።

ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት ያልመጣላት ናት። በዚህ እንዳትፈርዱባት። በ2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከመቶው ልጅ ከዘጠና የሚበልጠው ሳያልፍ ሲቀር፣ ያ ሁሉ ወጣት ስልኩን ታቅፎ ሥራ ቢፈልግ ምን ይደንቃል? አታላዩም ይህን ያውቃል። መረቡን የሚጥለው ዓሣ ባለበት ነው።

አንድ ቀን በቴሌግራም መልእክት ይደርሳታል። ላኪዋ በጥሩ አማርኛ ትጽፋለች፣ ፎቶዋም ደህና ሰው ያስመስላታል። «የውጭ ድርጅት ነን፤ አጫጭር ቪዲዮ እያየሽ ላይክ መጫን ነው ሥራሽ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል» አለቻት። ልጅቱ አደረገችው። ማታውኑ 150 ብር በቴሌብር ገባላት። በእውነት ገባላት! ያሰራትም ይኸው ነው። በማግሥቱ እናቷ ሳይቀሩ «ልጄ ሥራ ያዘች» ብለው ቡና አፈሉ። ቆቅ የሚያጠምድ እረኛ ወጥመዱ አጠገብ እህል የሚበትነው ለቆቋ አዝኖ እንዳልሆነ ግን ከመካከላችን የማያውቅ የለም።

በአምስተኛው ቀን «ደረጃሽን ከፍ ለማድረግ 3,000 ብር አስገቢ፤ በየቀኑ 250 ብር ታገኛለሽ» ተባለች። አስገባች። የስልኩ ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር በየቀኑ እያደገ ሄደ። ከዚያ «ሰው ካመጣሽ ኮሚሽን አለሽ» ተባለች፤ ልጅቱም ለምትወዳት አክስቷ ነገረች። አክስቲቱ ሁለት ሙክት ሸጠው 24,000 ብር አስገቡ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰሌዳው ላይ 61,000 ብር ተጽፎ ታየ። «በሉ እናውጣው» ሲሉ «መጀመሪያ 9,000 ብር ግብር ይከፈል» የሚል መልስ መጣ። ተበድረው ከፈሉ። ቀጥሎ «አካውንታችሁ ስለታገደ ለማስከፈቻ 6,000 ብር» ተባሉ። እሱንም ሲያፈላልጉ ቡድኑ ተዘጋ፣ ላኪዋም ጠፋች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ «ግብር» የምትለዋን ቃል እንያት። ግብር ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል እንጂ ደመወዝ ለመቀበል ተብሎ ከሠራተኛው ኪስ አይመጣም። በእርግጥ 61,000 ብር ቢኖራት ኖሮ 9,000ውን ከዚያው ቀንሰው 52,000 ብር ይልኩላት ነበር። ይህችን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አጠገቧ ቢኖር የመጨረሻው ብር ይተርፍ ነበር። እኛስ የት ነበርን? ልጅቱ ከኮሚቴያችን አንዱን ጠይቃ ነበር፤ «እኔ የስልክ ነገር አላውቅም» ብሎ አሳለፋት። የስልክ ነገር ሳይሆን የሒሳብ ነገር መሆኑን ያኔ አላስተዋልንም። (ሌላው የኮሚቴያችን አባል ደግሞ ራሱ ገብቶበት ኖሯል። ስሙን አንጠራም፤ ይህን ሲያነብ ግን ራሱን ያውቃል።)

ብዙዎችን ያሳታቸው «ይኸ እኮ እንደ ዕቁብ ነው» የሚለው አነጋገር ነው። እዚህ ላይ ጠንከር አድርገን መናገር እንወዳለን፤ የዕቁብን ስም በዚህ ማጉደፍ ነውር ነው። ሃያ ሰው 500 ብር ቢጥል 10,000 ብር ይሆናል፤ ዕጣ የደረሰው 10,000 ብር ይወስዳል። ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ማንም አላተረፈም፣ ማንም አልከሰረም፤ ያገኘነው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መጠቀምን ነው። ዳኛው ይታወቃል፣ ጸሐፊው ይታወቃል፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ ይጠራል፣ ቢያፈገፍግም ቤቱ ይታወቃል። በስልኩ ነገር ግን ዳኛው ማን ነው? ዋሱ ማን ነው? ገንዘቡ ሳይነግድ፣ ሳይታረስበት፣ ሳይፈተልበት እንዴት ወለደ?

አልወለደም። ኋላ የገባው ሰው ገንዘብ ነው ፊት ለገባው የሚሰጠው፤ ትልቁን ድርሻ ደግሞ ጀማሪው ይወስደዋል። እስቲ ልጆቻችሁ በደብተር ያስሉት። አንድ ሰው አምስት ሰው ያምጣ፣ አምስቱም እያንዳንዳቸው አምስት ያምጡ ቢባል፣ በሰባተኛው ዙር ብቻ 78,125 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። በአሥረኛው ዙር 9,765,625። በ12ኛው ዙር 244 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ ቢገባ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የገባው ሁልጊዜም ይከስራል፤ የሚበዛውም እሱ ነው።

ይህ ዘዴ በስልክ የመጣ አዲስ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ከብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ፣ የኋለኛውን ገንዘብ ለፊተኛው ሲከፍል ቆይቶ በዚያው ዓመት ተያዘ። በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. «ፊያስ 777» በሚል ስም ሰዎች ገንዘብ አስገብተው፣ በስልክ ቀላል ሥራ እየሠሩ፣ ሌላ ሰው እያመጡ እንደሚያተርፉ ሲነገር ሰንብቶ ነገሩ ማጭበርበር መሆኑ ታውቋል፤ ተጠርጣሪዎችም መያዛቸው ተነግሯል። ስሙ ሲያረጅ ሌላ ስም ያወጡለታል። በመሆኑም ስም መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም።

ሕጉም ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሰው በሰው ላይ እየጨመሩ ትርፍ የሚታሰብበትን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ መሆኑን ይገልጻል። እንግዲህ «የመመዝገቢያ»፣ «የሥልጠና»፣ «የመታወቂያ ካርድ» እያለ አስቀድሞ የሚያስከፍል ሁሉ ምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከገንዘብ ማጣት የሚብስም አለ። ለወጣቶቻችን የሚቀርበው ሁለተኛው «የቤት ሥራ» አካውንት ማከራየት ነው። «በአንተ ቁጥር ገንዘብ ይገባል፤ አምስት በመቶውን ለራስህ አስቀርተህ ቀሪውን ወደምንነግርህ ቁጥር አስተላልፍ» ይሉታል። ልፋት የለውም፣ መዋጮም የለውም፤ ስለዚህ ልጁ ምን አጠፋሁ ይላል። ያ የሚገባው ገንዘብ ግን የሌላዋ አክስት የሙክት ዋጋ ነው። ባለገንዘቧ ስትከስ የሚገኘው የጀማሪው ስም ሳይሆን የልጃችን ስም፣ የልጃችን ሲም ካርድ፣ የልጃችን ፋይዳ ቁጥር ነው። የመታወቂያ ፎቶ መላክና የሚስጥር ቁጥር መንገርም ከዚህ ለይተን አናየውም።

ሌላው መንገድ ወደ ውጭ የሚወስደው ነው። «ታይላንድ ውስጥ የኮምፒዩተር ሥራ አለ» ተብለው የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ምያንማር ውስጥ በታጠረ ግቢ ተዘግተው፣ እየተደበደቡ፣ በዓለም ዙሪያ ሰው የሚያታልል መልእክት ሲጽፉ ኖረዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከዚያ ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች 138ቱ የእኛ አገር ልጆች ነበሩ። ስለዚህ በዚያኛው ጫፍ ተቀምጦ «ሥራ አለ» ብሎ የሚጽፍልን ሰው አንዳንዴ ራሱ «ሥራ አለ» ተብሎ የተወሰደ ምስኪን ሊሆን ይችላል። ይህን ስናስብ ንዴታችንን በማን ላይ እንደምናወርደው ይቸግረናል።

አሁን ወደ ገዛ ሰፈራችን እንመለስ። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን እዚሁ ያለው ነገር ነው። ልጅቱና አክስቷ ዛሬ አይነጋገሩም። አክስቲቱ «በጌን ያስበላችኝ እሷ ናት» ይላሉ፤ ልጅቱ ደግሞ ከቤት መውጣት ትታለች። ጉዳዩ ወደ ማኅበሩ ሲመጣ አንዳንድ አባሎች «ሰው ያስገባ ሁሉ በዕድሩ ይቀጣ፣ ካልከፈለም ይሰረዝ» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ንዴታቸው ይገባናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ልጅቱ አክስቷን ስታስገባ የራሷም ገንዘብ እዚያው ነበር፤ የሚጠቅማቸው መስሏት ነው ያደረገችው። ይህችን ልጅ ብንቀጣ ከነገ ወዲያ የተታለለ ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ አፉን በዘጋ ቁጥር ቀጣዩ ይገባል። አታላዩ የሚፈልገውም ይህንኑ ዝምታ ነው።

ለየት አድርገን የምናየው ሌላ ሰው አለ። ነገሩ ውሸት መሆኑን ካወቀ በኋላ «የራሴን ላስመልስ» ብሎ ሁለት ጎረቤት ያስገባ አለ። እሱ ያገኘው ኮሚሽን ትንሽ ቢሆንም እያወቀ የወሰደው የሰው ገንዘብ ስለሆነ ይመልስ እንላለን፤ ሽማግሌ ይላክበት፣ እምቢ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ሕግ ይሂድ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጠቅላላ ጉባኤው አይቶ እንዲወስን ነው ሐሳባችን። የተለየ አስተያየት ያላችሁም ከወዲሁ ለጸሐፊው ስጡ።

በዚህ መሐል ነገሩ የደረሰበት ሰው መልእክቱን አያጥፋ። በስልኩ ላይ የቀረውን ጽሑፍና የላኪውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ፣ የግብይቱን ቁጥር ይዞ በዚያው ቀን ለባንኩ ወይም ለቴሌብር አገልግሎት፣ ቀጥሎም ለፖሊስ ያመልክት። አንድ ቀን ባደረ ቁጥር ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። «የጠፋብህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ፣ ለጠበቃ ጥቂት ክፈል» ብሎ የሚደውል ካለም ያው የመጀመሪያው ሰው በሌላ ድምፅ መምጣቱ ሊሆን ይችላል።

በሚመጣው እሑድ ዕድሩ ከተነሣ በኋላ በዚሁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንሰበሰባለን። ልጅቱ የደረሳትን መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልታሳየን ተስማምታለች፤ ይህም ቀላል ነገር እንዳልሆነ እንድታውቁላት እንፈልጋለን። አክስቷም እንዲመጡ ሁለት እናቶች ተልከዋል። ስልክ ያላችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁም ሥራ የሚፈልጉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።