ባለሙያ ሴት በአሳንሰር ምርመራ

በእኛ አገር አነጋገር «ባለሙያ ናት» የተባለች ሴት ወጧ የጣፈጠ፣ ጠላዋ የጠራ፣ ቤቷ የተሰናዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ምስጋናው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሴት ልጆቻችን ሥራ የሚመርጡበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ ይህን ቃል ሰፋ አድርገን ልናየው ይገባል። ውድ እናቶችና ሠራተኛ እህቶች፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ሙያ ብዙዎቻችን ለልጆቻችን አስበነው የማናውቀው ነው፤ ይኸውም የአሳንሰር ደኅንነት ምርመራ ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባ አሳንሰር የሚገባው ለጉዳይ ወደ ትልቅ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ሆቴል የሄደ ሰው ነበር። መጀመሪያ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶችም በአብዛኛው ከምድር በላይ 4 ፎቅ ብቻ ስለነበሩ ነዋሪው ጀሪካኑንም የጤፍ ከረጢቱንም ተሸክሞ በደረጃ መውጣትን ለመደ። ከዚያ ወዲህ ከተማችን ወደ ላይ አድጋለች። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። የመኖሪያ ሕንፃዎችም ልጅ ያዘለች እናትና ጉልበቷን የሚያማት አያት በእግራቸው ሊወጧቸው የማይችሉ ሆነዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። እንግዲህ አሳንሰር ለብዙ ቤተሰብ እንደ ውኃና እንደ መብራት የዕለት አስፈላጊ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ታዲያ ልጃችንን ይዘን የምንገባበት ያ ሳጥን ደኅና መሆኑን ማን አየልን? የገጠመው ድርጅት ሥራዬ የተሟላ ነው ይላል። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ ወጪ እንዳይበዛበት ይመኛል። ሁለቱም ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ግን ሁለቱም ጥቅም አላቸው። ስለዚህ ከሁለቱም ያልወገነ ሦስተኛ ዓይን ያስፈልጋል። የከተማ አስተዳደር መርማሪ የሚባለው ሰው ይህ ዓይን ነው።

ይህ ሙያ ሥር የሰደደባት ከተማ ኒው ዮርክ ስለሆነች የእርሷን ልምድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ የተባለው የፈጠራ ሰው በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ በገመድ በተንጠለጠለ መድረክ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠው። መድረኩ ግን በሞላ ኃይል በሚሠራ ማቆሚያ ተይዞ ባለበት ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ የመጀመሪያው ለሰው የተሠራ የኦቲስ አሳንሰር በዚያው ከተማ በአንድ ባለ 5 ፎቅ መደብር ተገጠመ። በ1921 ደግሞ የአሜሪካ የአሳንሰር ደኅንነት ደንብ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ፤ እስከ ዛሬም እየታደሰ ይሠራበታል። በኒው ዮርክ አሳንሰር በየዓመቱ ይፈተናል። በገመድ የሚሠራው ደግሞ በየ5 ዓመቱ ሙሉ ጭነቱን ተጭኖ ይፈተናል። ፈተናውን የሚያካሂደውና ቆሞ የሚታዘበው ድርጅት የማይዛመዱ መሆን አለባቸው። ከዚህም ሌላ የከተማው የሕንፃ መምሪያ የራሱ መርማሪዎች አሉት።

የመርማሪዋ ሥራ ምን ይመስላል? መጀመሪያ የምትሠራው በዓይኗና በጆሮዋ ነው። ሳጥኑ ሲቆም ከወለሉ ጋር እኩል ሆኗል ወይስ ሰው የሚያደናቅፍ ከፍታ ትቷል? በሩ ሊዘጋ ሲል እጅ ቢገባበት ተመልሶ ይከፈታል? የአደጋ ጊዜ ደወሉና መብራቱ ይሠራሉ? ከዚያም ወደ ሞተሩ ትወጣለች። የሽቦ ገመዱ መሳሳቱን ትለካለች፤ የተበጠሱትን ቀጫጭን ሽቦዎች ትቆጥራለች። ፍሬኑንም ትመረምራለች። በሳጥኑ ጣሪያ ላይ ሆና መተላለፊያውን ታያለች። በመጨረሻም ወደ ታችኛው ጉድጓድ ወርዳ ውኃ አለመጠራቀሙንና ከሥር ያሉት የግጭት ማብረጃዎች ደኅና መሆናቸውን ታረጋግጣለች። ከሁሉ አጥብቃ የምታየው የየፎቁን በር መቆለፊያ ነው። ሳጥኑ በሌለበት በር ከተከፈተ ሰው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ይገባልና።

ብዙዎቻችን የምንፈራው ገመድ ተበጥሶ መውደቅን ነው። ሆኖም ሰው የሚያመላልስ አሳንሰር ብዙውን ጊዜ የሚንጠለጠለው በአንድ ሳይሆን በበርካታ ገመዶች ነው። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍም ሐዲዱን ነክሶ የሚይዝ ማቆሚያ አለው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍሬኑ ይይዛል እንጂ አይለቅም፤ ፍሬኑን ከፍቶ የሚይዘው ኤሌክትሪኩ ሲሆን የሚዘጋው ሞላው ነውና። እንዲያውም በሌላው ጫፍ የተንጠለጠለው ማመዛዘኛ ክብደት ከባዶው ሳጥን ስለሚበልጥ፣ ፍሬን የከዳው ባዶ ሳጥን የሚሮጠው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው። ይህን የምታውቅ ሴት የምትፈራውንና የማትፈራውን ለይታ ታውቃለች። ምርመራ ማለትም ይኸው ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ወደ ሥልጠናው እንምጣ። ይህ ሙያ በወንበር ትምህርት ብቻ አይገኝም። በአሜሪካ የአሳንሰር ሠራተኞች ልምምድ 4 ዓመት ይፈጃል፤ ተለማማጁ ቀን ከነባር ባለሙያ ጋር እየሠራ ደመወዝ ያገኛል፤ ትምህርቱንም ጎን ለጎን ይከታተላል። በኒው ዮርክ ለከተማው መርማሪነት የሚወዳደር ሰው አሳንሰር በመግጠም፣ በመጠገን ወይም በመመርመር ለዓመታት የሠራ መሆን ይጠበቅበታል። ከእጅ ሥራ ተነሥቶ ወደ ፊርማ ሥልጣን ይደረሳል ማለት ነው። ዊንጭ ያልያዘች እጅ የጥገና ሠራተኛን ስሕተት ልታውቅ አትችልም።

በእኛም ከተማ ወደዚህ መንገድ የሚያስገባው በር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌትና እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆችን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በየደረጃውም የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ለአሳንሰር ሙያ መሠረት የሚሆኑት የኤሌክትሪክና የመካኒክ ትምህርቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ አሳንሰር በሚገጥምና በሚጠግን ድርጅት ጥቂት ዓመታት መሥራት ያስፈልጋል። የማሽኖቹ መመሪያዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚመጡ የቋንቋ ትምህርቷንም ችላ እንዳትል ምከሯት። በየከተማው የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ እንዲኖር ያደረገው ያው የሕንፃ አዋጅ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ከመመዝገቧ በፊት በክፍለ ከተማችሁ ወደሚገኘው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ሄዳ ምን ዓይነት ትምህርትና የሥራ ልምድ እንደሚፈለግ ትጠይቅ። መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ያልጠየቁት ትምህርት ግን ዓመታት ያስከፍላል።

አንዳንድ እናቶች «ልጄ ቱታ ለብሳ፣ ቅባት ነክቷት፣ ጉድጓድ ገብታ!» ይሉ ይሆናል። ሥጋቱ ይገባናል፤ ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ያለ ትክክለኛ ጫማና ጓንት፣ ኃይሉንም ሳታቋርጥና ሳትቆልፍ አትሠራም። ነገር ግን ይህን ሥራ የሚያሠራው ትልቁ ነገር የክንድ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት፣ ንጹሕ መዝገብና ትንሽ ነገርን አለመናቅ ነው። በጓዳችን ሽሮ ውስጥ ጠጠር ለይታ የምታወጣ ልጅ የተበጠሰ ሽቦ አያመልጣትም። ስለ ጋብቻና ስለ ልጅም የምታስቡ ካላችሁ፣ ልምድ የምትቀስመው በግል ድርጅት ቢሆን እንኳ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ ፈቅዶላታል።

ከቱታው ይልቅ ልናስብበት የሚገባ ከባድ ነገር ሌላ ነው። አንድ ቀን መርማሪዋ የተበላሸ መቆለፊያ ታገኛለች። ባለቤቱ «ዛሬን እለፊኝ፣ ነገ አስጠግናለሁ» ይላታል። ነዋሪው «ስምንተኛ ፎቅ በእግራችን ልንወጣ ነው?» ብሎ ይቆጣታል። ሌላውም ፖስታ ዘርግቶ ሊለምናት ይችላል። ያን ጊዜ እምቢ ብላ አሳንሰሩን ማስቆም አለባት። ይህን እምቢታ ኮሌጅ ብቻውን አያስተምርም፤ ከቤት ይጀምራል። ሴት ልጃችን እውነቷን ስትናገር «ዝም በይ፣ ሰው ምን ይላል» እያልን ካሳደግናት፣ በፊርማዋ ላይ የምትጸና መርማሪ ከየት እናመጣለን?

እስከዚያው ድረስ እያንዳንዳችን በቤታችን የምናደርገው አለ። ሕፃናት ብቻቸውን አሳንሰር አይግቡ፤ ሲገቡና ሲወጡ እጃቸውን እንያዝ። የነጠላችን ጫፍ ከበሩ መሐል እንዳይቀር እንሰብስበው። በውስጥ የተጻፈውን የሰውና የኪሎ ልክ እንጠብቅ። ሳጥኑ መሐል መንገድ ላይ ቢቆም በሩን በኃይል ለመክፈት አንታገል፤ ደወሉን ተጭነን እንጠብቅ። እሳት ሲነሣ በደረጃ እንውረድ። ሳጥኑ ከወለሉ ጋር እኩል አልቆም ካለ ወይም በሩ አልገጥም ካለ ለሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ እናመልክት። «መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ የነዋሪ መብት ነው።

ውድ እናቶች፣ ልጃችሁ የተበላሸ ራዲዮ ፈታ ስትገጥም ካያችኋት አትገሥጿት። ምናልባት ነገ የልጅ ልጆቻችሁ የሚሳፈሩበትን አሳንሰር ገመድ ቆጥራ «ይህ ደኅና ነው፣ ያኛው ይቁም» የምትለው ባለሙያ እርሷ ትሆናለች።