በፍም የሚጋገር የፍራፍሬ ጣፋጭ፦ ኦቨን ለሌለው ቤት

 

የዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን ወደ ጓዳ ይወስደናል። ከምግብ በኋላ ለልጆችና ለእንግዳ የሚቀርብ ጣፋጭ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የከተማውን ኬክ ቤት ነው። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባለው የዋግ ኽምራ ደጋ ግን አብዛኛው ቤተሰብ ኦቨን የለውም፤ መብራቱም ቢሆን ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም። ስለዚህ ልጅ ጣፋጭ ሲያምረው ሳንቲሙን ይዞ ወደ ሱቅ ይሮጥና ብስኩትና ከረሜላ ይዞ ይመለሳል። በገበያ ቀን ደግሞ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ የመጣው ማንጎና ሙዝ አመሻሹ ላይ ቆዳው ጠቁሮ፣ ጎኑ ተጨፍልቆ፣ ግማሽ ዋጋ እንኳን ሳያወጣ ይቀራል። ልጁ ከረሜላ ይበላል፤ ፍራፍሬው ይጣላል። ይህን ነገር ማስተካከል የሚቻለው በትልቅ ገንዘብ ሳይሆን በአንድ ድስትና በጥቂት ፍም ነው።

ኮብለር ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ኮብለር» የሚባል ጣፋጭ አለ። ከሥር የበሰለ ፍራፍሬ፣ ከላይ ደግሞ በማንኪያ እየተቆረሰ የተጣለ ለስላሳ ሊጥ ያለበት ነው። ሊጡ ሲጋገር እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ይላል። ስሙንም ያገኘው በኮብልስቶን የተነጠፈ መንገድ ስለሚመስል ነው የሚሉ አሉ። በከተሞቻችን ኮብልስቶን ያላየ ሰው ስለሌለ መልኩን ለመገመት አንቸገርም።

የዚህ ምግብ ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሻግረው የሰፈሩት ሰዎች በአገራቸው የለመዱትን ጣፋጭ ለመሥራት ዕቃውም ግብዓቱም አልነበራቸውም። ያላቸው ከባድ የብረት ድስትና የእንጨት እሳት ነበር። ፍራፍሬውን በድስቱ ውስጥ አድርገው፣ ሊጡን ከላይ ጥለው፣ ከድስቱ ሥርም ከክዳኑም ላይ ፍም እያደረጉ ጋገሩት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ እናቶቻችን ድፎ ዳቦ የሚጋግሩበት ዘዴ ነው። ከታች ምጣዱ፣ ከላይ ክዳኑ፣ በክዳኑ ላይ ፍሙ። ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ሙያው በእጃችን ያለ ነው።

ስለ ፍራፍሬ ለምን እናወራለን?

የሰቆጣ ስም ከተመጣጠነ ምግብ ጋር በአገር ደረጃ የተያያዘ ስም ነው። በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰይሞታል። ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር።

መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ መቅረቱ ነው። ጉዳቱ በቁመት ብቻ አያበቃም፤ አእምሮንም፣ ትምህርትንም፣ በሽታን የመቋቋም አቅምንም ይነካል። መምህር የሆነ ሰው ይህን በክፍል ውስጥ ያየዋል። ሆዱ ሞልቶ የመጣ ነገር ግን አንድ ዓይነት እህል ብቻ ሲበላ የኖረ ልጅ ትምህርት ለመቀበል ይቸገራል። የጥጋብና የተመጣጠነ ምግብ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

በእርግጥ አንድ ሳህን ጣፋጭ መቀንጨርን አያቆምም። ለዚያ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ንጹሕ ውኃና የእናት ጡት ያስፈልጋል። ነገር ግን ፍራፍሬን የመግዛትና የመብላት ልማድ በቤት ውስጥ እንዲገባ ከፈለግን፣ ልጆች በጉጉት በሚጠብቁት ምግብ በኩል ቢገባ ይቀላል። ቢጫው የማንጎ ሥጋ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም ትንሽ ቅባት ሲያገኝ በደንብ ወደ ሰውነት ይገባል። ቫይታሚን ሲ ግን በእሳት ይቀንሳል። ስለዚህ ይህን ጣፋጭ ብትሠሩም ጥሬ ፍራፍሬ መብላቱ እንዳይቀር አደራ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ከ6 እስከ 8 ሰው)

ለፍራፍሬው፦
- 1 ኪሎ ያህል የበሰለ ማንጎ
- 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ማር
- የ1 ሎሚ ጭማቂ
- 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ

ለሊጡ፦
- 1 ብርጭቆ ተኩል (200 ግራም ገደማ) የስንዴ ዱቄት
- 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
- 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ቤኪንግ ፓውደር፣ ሳይቆለል
- ቁንጥር ጨው
- 4 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት
- ከ1 ብርጭቆ ትንሽ ጎደል ያለ ወተት
- ጥቂት የተፈጨ ሄል

አሠራር

1. መጀመሪያ ፍሙን አዘጋጁ። እንጀራ በተጋገረበት ቀን ቢሆን የተሻለ ነው፤ የምጣዱ ሙቀትና የተረፈው ፍም ስለሚያገለግል ሌላ ከሰል አትጨርሱም።

2. ማንጎውን አጥባችሁ ልጡና እንደ አውራ ጣት ጫፍ ቆራርጡት። የተጨፈለቀውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ብትጥሉ ይበቃል፤ ሻጋታ የያዘውን ግን ሙሉውን አስወግዱ።

3. ወፍራም ድስት በትንሽ ቅቤ ቀቡ። ፍራፍሬውን፣ ስኳሩን፣ ሎሚውን፣ ቀረፋውንና ዱቄቱን አዋሕዳችሁ ጨምሩና እስኪንተከተክ አብስሉት። ሊጡ የሚጣለው በትኩስ ፍራፍሬ ላይ መሆን አለበት፤ ፍራፍሬው ከቀዘቀዘ የሊጡ ሥር ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

4. በሌላ ዕቃ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ጨውንና ሄሉን ቀላቅሉ። ቅቤውን በጣት ጫፍ እያሻሻችሁ ፍርፋሪ እስኪመስል ድረስ አዋሕዱት። ከዚያ ወተቱን ጨምሩና ዱቄቱ እስኪርስ ብቻ በማንኪያ አማስሉ። እንደ ዳቦ ሊጥ አታሹት። ዳቦ ሲታሽ ይጠነክራል፤ ለዳቦ መልካም ነው፣ ለዚህ ግን ሊጡን ጎማ ያደርገዋል።

5. ሊጡን በማንኪያ እየቆረሳችሁ በፍራፍሬው ላይ ጣሉት። ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት፤ እንፋሎቱ የሚወጣበት ክፍተት ይኑረው።

6. ድስቱን በጠፍጣፋ የብረት ክዳን ግጠሙ። ከሥሩ ጥቂት ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ብዙ ፍም አድርጉ። ከሦስት እጅ ሁለቱ ከላይ ቢሆን ልክ ነው። ከሥር ከበዛ ስኳሩ ያርራል፤ ከላይ ካነሰ ሊጡ አይጠብስም።

7. ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ክዳኑን ስታነሡ አመዱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። በሊጡ ውስጥ የተሰካ ንጹሕ ስንጥር ሳይጣበቅበት ከወጣ ደርሷል። ከእሳት አውርዳችሁ ለ15 ደቂቃ ይረፍ፤ መረቁ የሚጠጥረው ያን ጊዜ ነው። የፍራፍሬ መረቅ ከተቀቀለ ውኃ በላይ አፍ ስለሚያቃጥል ለልጆች ቀዝቀዝ ሳይል አትስጡ።

የደጋው አየር ለምን ይለያል?

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፍራፍሬው ለመለስለስ ትንሽ ጊዜ ይጨምራል። የሊጡም አየር በቀላሉ ስለሚነፋ ቤኪንግ ፓውደር ከበዛበት በፍጥነት ተነሥቶ መልሶ ይወርዳል። በውጭ አገር መጻሕፍት ለዚህ ያህል ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ወይም ከዚያ በላይ ቢታዘዝም እኛ የቀነስነው ለዚህ ነው። ልጆቻችሁ በሳይንስ ክፍል የተማሩትን ግፊትና ሙቀት በድስት ሲያዩት አይረሱትም።

እንደ ወቅቱ

ማንጎ በሌለበት ወቅት ሥራው አይቆምም። በክረምት ኮክ ከተገኘ ከ10 እስከ 12 ፍሬ ይበቃል። በማንኛውም ወር የሚገኘው ሙዝ ከሆነ 6 ፍሬ ቆራርጣችሁ፣ ፍሬው የወጣለት 15 ቴምር ጨምሩበት። ቴምሩ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ በፍራፍሬው ላይ ስኳር አያስፈልግም። በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ከቡና ጋር ለማቅረብ ይህ ይመረጣል።

በክረምቱ ማብቂያ የሚበስለው በለስም ይሆናል። እሾሁን በደንብ አራግፋችሁ ልጡት፤ ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ግን ጨፍልቃችሁ በወንፊት አጥልሉት። ጭማቂው ቀጭን ስለሚሆን ዱቄቱን ወደ 2 የሾርባ ማንኪያ አሳድጉና እስኪወፍር አማስሉ። በነገራችን ላይ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ነገር አለ፤ የቁርኣን 95ኛው ምዕራፍ የተሰየመበት «ቲን» በአማርኛ በለስ ተብሎ ቢተረጎምም፣ እሾሃማው የእኛ በለስ አይደለም። ያ በዛፍ ላይ የሚያፈራ ሌላ ተክል ነው። እሾሃማው በለስ መነሻው ሜክሲኮና አካባቢዋ ሲሆን፣ ወደ እኛ አገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለጎረቤት ሳህን

በሰቆጣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ አጥር ተጎራብቶ ይኖራል። በዓል ሲመጣ ሥጋው በየፊናው ስለሚታረድ አንዱ የሌላውን ወጥ አይቀምስም። ይህ ጣፋጭ ግን ሥጋ የለበትም። ቅቤውን በዘይት፣ ወተቱን በውኃ ከተካችሁት የጾም ምግብ ይሆናልና በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴም ቢሆን የክርስቲያን ጎረቤት ሊበላው ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ መጋቢት 2 ቀን አብረው ጀምረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግመው ተገናኝተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከድስቱ አንድ ሳህን ቀንሶ ወደ ጎረቤት መላክ ብዙ ወጪ የለውም። ጦርነትና መፈናቀል ባየ አካባቢ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳይፈራ ሳህን ሲቀበል ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ማሳሰቢያ

- ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታንድዱ። ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ በብርድ ሌሊት ሰው ተኝቶ የሚቀረው በዚህ ነው። ደጅ ላይ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይሠራ።
- አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማርም ሆነ ማር ያለበት ምግብ አይሰጥም። የሰቆጣ ነጭ ማር የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ስድስት ወር ያልሞላው ደግሞ ከእናት ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም።
- የቫኒላ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ በአልኮል ስለሚዘጋጅ አልጨመርንበትም፤ ሄሉና ቀረፋው ይበቃሉ። የታሸገ የገበታ ቅቤ ስትገዙም የእንስሳ ስብ እንዳለበት ጽሑፉን አንብቡ።
- የስኳር ሕመም ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ ስኳሩን ተዉት፤ ድርሻውንም አሳንሱ። ፍራፍሬውና ዱቄቱም ስኳር አላቸው።

በመጨረሻ ለአባቶችና ለወንድ ልጆች አንድ ቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ሁላችንም የተማርነው ነው። እንጀራውን የጋገረችው እናት ወይም እህት ከሆነች ፍሙን የሚጠብቀውና ድስቱን የሚያጥበው ወንዱ ቢሆን ማንንም አያሳንስም። እሷ አረፍ ስትል ጣፋጩ የሁሉም ይሆናል።

ቢስሚላህ ብላችሁ ጀምሩ። አላህ ማዕዳችሁን በበረካ ይሙላው።