«ያድግበታል» አይበሉ

ለልጅ ልብስ ሲገዛ እጅጌው ረዘም፥ ወገቡ ሰፋ ያለውን መርጦ «ግድ የለም፥ ያድግበታል» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። እጅጌ ቢረዝም ይጠቀለላል። የተራራ ብስክሌት ግን ልብስ አይደለም። ጣቱ ፍሬኑ ዘንድ የማይደርስ ልጅ ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል?

በብስክሌቱ ላይ የሚጻፈው 16፥ 20 ወይም 24 ኢንች የጎማው ቁመት እንጂ የልጁ ዕድሜ አይደለም። ስለዚህ ለግዢ ሲሄዱ ልጁን ይዘውት ይሂዱ። አግዳሚውን ብረት በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሲቆም ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ይርገጡ፤ በብረቱና በሰውነቱ መካከልም ክፍተት ይኑር። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ደግሞ መሪውን ሳይለቅ የፍሬኑን እጀታ መጨበጥ ይቻለው። ይህ ካልሆነ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት።

ብስክሌቱን ራስዎ አንሥተው ክብደቱን ይመዝኑ። የፊትና የኋላ ሞላው ለዓይን ቢያምርም ክብደት ይጨምራል፤ ዳገቱን የሚገፋው ልጁ መሆኑን አይርሱ።

ልጁ ሲያድግ ኮርቻውን ከፍ ያድርጉለት። ነገር ግን በኮርቻው ዘንግ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ከቱቦው ብቅ ካለ ልኩ አልፏልና ኮርቻውን ዝቅ አድርገው ለታናሹ ያስረክቡ። እንዲህ ከሆነ ገንዘብዎ አልባከነም፤ ልጅዎም አልወደቀም።