የውድድር ቱቦ ለአሮጌ ኮሮላ?

ቅዳሜ ኳሱን፣ እሁድ ፎርሙላ ዋንን የሚያይ ወጣት መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጌጡ ላይ ነው። ቸርኬው ይቀየራል፣ ማርሚታው ይጮሃል። ደፈር ያለው ደግሞ የፍሬን ቱቦውን የሽቦ ጥልፍ በለበሰው «የውድድር» ቱቦ ልቀይር ይላል።

ይቀይር። ግን የቱን?

ከሞተሩ ክፍል ተነስቶ በመኪናው ሆድ ስር ወደ ኋላ የሚሄደው ደረቁ የብረት ቱቦ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ አያብጥም፣ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የመሃል ተከላካይ በሉት። የፊት ጎማ ግን በመሪ ይዞራል፣ በሞላ ይነሳል ይወርዳል። እዚያ ደረቅ ቱቦ ቢገባ እየታጠፈ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጎማው ጋ ተጣጣፊው የግድ ነው፤ እንደ መስመር ተከላካይ ሲመላለስ ይውላል።

የሽቦ ጥልፉ ቦታም እዚሁ ነው። የጎማ ቱቦ ሲያረጅ በግፊት ያብጥና ፔዳሉን እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል። ውስጡ ቴፍሎን፣ ውጪው የማይዝግ ሽቦ የሆነው ግን እምብዛም አያብጥም፤ ፔዳሉ ጠንከር ይላል። ያለው ጥቅም ይኸው ነው። መኪናውን አስፋልት ላይ አንቆ የሚይዘው ጎማው ነውና በላጨ ጎማ ተአምር አይጠበቅም።

የብረቱን ቱቦ ጨርሶ አውጥቶ ከፊት እስከ ኋላ በጥልፍ መተካት ግን አስር አጥቂ እንደማሰለፍ ነው። ተጣጣፊው በረዘመ ቁጥር የሚያብጠው ይበዛል፣ ከሻንሲ ጋር የሚፋተገውም እንዲሁ። ጥልፉ ደግሞ የውስጡን ጉዳት ይሸፍናል። የፎርሙላ ዋን መኪና በየውድድሩ ተፈትቶ ይታያል፤ የኮሮላውን ስር ግን ችግር እስኪመጣ ማን ያየዋል? የመዳብ ቱቦ ቆርጦ የሚገጥምም አይጠፋም። መዳብ በንቅናቄ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ሰዉ «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ያኔ ነው።

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ለሚወርድ ሾፌር ከቱቦው በፊት ዘይቱ ይቀድማል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ዝቅተኛ ልክ ወደ 155 ይወርዳል። ያኔ ፔዳሉ ወለል ቢነካ ጥልፍ አያድንም።

ጥልፉን የመረጠ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ይቀይር። ጫፉ በፋብሪካ የተጨመቀና «ዶት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን፤ ሰፈር ውስጥ ተቆርጦ በክላምፕ የታሰረውን እዚያው ይተወው። ከተገጠመ በኋላ አየሩ ይውጣ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ጎን ይዙርና ቱቦው የትም እንዳልተነካ ይታይ።